ሁለተኛው ዓይን

የታሰርንበት ክፍል የእህል ማከማቻ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ ባላባት የተቀማ ግቢ። መስኮት የለውም። ሽንትና የጤፍ እብቅ ይሸታል። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ሲገፈትሩን እኔ ወደቅሁ። ወንድሜ ግን ቆሞ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ።

«ምርጊቱ ጥሩ ነው፤ ሥዕል ይይዛል» አለ።

እዚያው ላንቀው ነበር የፈለግሁት።

ታላቅ ወንድሜ ሥዕል ሻጭ ነበር። የቆሎ ተማሪ ሳለ ለአንድ መሪጌታ ብራና ይፍቅ ነበር፤ ቆይቶ እሳቸው የሣሉትን እየተሸከመ ለየአድባራቱ ማድረስ ያዘ። ከአሥመራ በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች መምጣት ሲጀምሩ በቅሎ ገዝቶ ነጋዴ ሆነ። የቁይ፣ የአማኑኤል፣ የሮብ ገበያ ከተሞችን ገበያ ያዳርሳል፤ በሄደበት ገመድ ወጥሮ ማርያምንና ጊዮርጊስን ይሰቅላል።

ጣሊያን ሲገባ የአለቃቸውን ምስል በጥቅል ሰጡት። በየሱቁና በየጠጅ ቤቱ እንዲያዳርስ ታዘዘ። ምስሉ ግን በጎን የተነሣ ነው፤ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ሰይጣንና ጌታን የገረፉት ናቸው። ገበያተኛው ምስሉን እያየ አማትቦ ሸሸ።

«ይሄን ሰይጣን ቤቴ አስገብቼ ጠጄን ላኮመጥጥ?» አለችው አንዲት ጠጅ ሻጭ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጥቅሉን ጥግ ወርውሮ ዝም ይል ነበር። ወንድሜ ግን ዕቃ አልሄድ ሲለው ያመዋል። መሪጌታው ዘንድ ወሰደና በእያንዳንዱ ምስል ጉንጭ ላይ ሁለተኛ ዓይን አስጨመረ። ሰውም ተቀበለው! ብዙም ሳይቆይ አንድ የጣሊያን መኮንን አማኑኤል ገበያ ላይ አየው። ወንድሜን ያዙ፤ እኔንም አብሬው ስለተገኘሁ ያዙኝ።

በሦስተኛው ቀን መኮንኑ ፊት አቀረቡን። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው።

«በአለቃቸው ተሳልቃችኋል ነው የሚሉት። ዓይኑን የሣለውን ሰው ስጧቸውና ቤታችሁ ግቡ።»

«ምን መሳለቅ አለ ጌታዬ? አንድ ዓይን ጎደለው፣ እኔ አሟላሁለት» አለ ወንድሜ፤ ከልቡ ነው።

«ጋሼ፣ የመሪጌታውን ስም ንገራቸውና እንሂድ» አልሁት በሹክሹክታ።

«ሠዓሊ በሥዕሉ ላይ ስሙን አይጽፍም። እሳቸው ያልጻፉትን እኔ ልጻፍላቸው?» አለኝ እሱም በጆሮዬ።

«ይሰቅሉሃል እኮ!»

«አትጩህ። ገበያ መሰለህ?» ወደ መኮንኑ ዞረ። «የሣልሁት እኔ ነኝ።»

ወንድሜ እንኳን ዓይን ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ አያውቅም። መኮንኑ አንድ ያልተነካ ምስል፣ ቀለምና ብርዕ አስመጣ። ወንድሜ ተንበርክኮ ሣለ። የወጣው ዓይን ሳይሆን የተረገጠ ባቄላ ነው። ቀለሙን እፍ እፍ ብሎ አደረቀና ለገዢ እንደሚያቀርብ በሁለት እጁ ሰጠ።

መኮንኑ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አየ። ከዚያ እኔን ጠቆመ።

«ይሄ የወንድምህ እጅ ነው ወይ ይሉሃል» አለኝ አስተርጓሚው። «እውነቱን ተናገር።»

«አይደለም» ብል ሽማግሌውን መሪጌታ ፈልገው ያመጧቸዋል፤ እኛ ቤታችን እንገባለን። ወንድሜን አየሁት። አልለመነኝም። ዋጋ ሲነጋገር ጣልቃ ስገባበት እንደሚያየኝ ነው ያየኝ፤ በንዴት።

«የሱ እጅ ነው» አልሁ። «አሁን ፈርቶ እጁ ተንቀጥቅጦ ነው እንጂ።»

«ማን ፈራ?» አለ ወንድሜ።

ከሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። ከዚያው ወሰዱት። እኔን ከወር በኋላ ለቀቁኝ። አስከሬኑን አልሰጡንም።

ዛሬ ሰዎች ወንድምህ አርበኛ ነበር ይሉኛል። አልነበረም። ነጋዴ ነበር፤ ግትር ነጋዴ። መሪጌታው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሣሉ። ያን ቀን የተባለውን አልነገርኋቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። የሣሉትን እየሄድሁ አያለሁ። ያምራል፤ ምን ይደረግ፣ ያምራል። አንዳንድ ቀን ግን ሳልሳለም እወጣለሁ።