አማና አዲሱ ዊንዶውስ

ዛሬ ጠዋት የቢሮዬ ኮምፒውተር ሳያስፈቅደኝ ራሱን ማደስ ጀመረ። እስክጨርስ አታጥፉኝ የሚል ጽሑፍ አወጣና ከሥሩ ቁጥሯ አንድ፣ ሁለት እያለች መውጣት ያዘች። ተማሪዎች ትራንስክሪፕት ፈልገው መስኮቱ ላይ ተሰልፈዋል፤ እኔ ግን እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ማሽኑ ሲግል ከጀርባው የሚወጣው የሞቀ አቧራ ሽታ መጣ። ደክሞኝ ስለነበር ይሆናል፣ ያ ሽታ ይዞኝ ሄደ። አጠገቤ ካለው ጠረጴዛሽ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው ስላልሽኝ ልንገርሽ።

ሆሳዕና፣ ያደግኩበት ቤት ሳሎን ጥግ ላይ፣ ስክሪኑ ከኋላው እንደ ሞላ ጆንያ ያበጠ ኮምፒውተር ነበረን። አባቴ የካቶሊክ ሚስዮን ቤቱ አሮጌ ዕቃዎቹን ሲያወጣ የገዛው ነው። አባቴ ፎንቆ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለነበር የምናየው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር፤ ጫማው ላይ የፎንቆን ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። እሱ ሀድያ ነው፣ እናቴ የአንጋጫ ልጅ፣ ከምባታ። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነበር፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዜማ። እናታችንን ግን አማ ነበር የምንላት። በሁለቱም ቋንቋ እናት አማ ናትና በዚህ የተከራከረ የለም።

አማ ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበረች። ልጅ ሆኜ ከሥራ ስትመለስ ጣቶቿ የካርቦን ወረቀት ይሸቱ ነበር፤ ፊቴን ስትዳብሰኝ ያ የሰማያዊ ቀለም ሽታ ጉንጬ ላይ ይቀራል። ሥራውን የተማረችው በአማርኛ ታይፕራይተር ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ ብዙዎቹ ጓደኞቿ ፈርተው ነበር፣ እሷ ግን አልተቸገረችም። የዚያን ጊዜው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የፊደሎቹን ቦታ ልክ እንደ ታይፕራይተሩ አድርጎ ስለሚያስቀምጥ፣ ጣቶቿን እንደያዘች ተሻገረች። ስትጽፍ ኪቦርዱን አታይም። ስክሪኑንም ብዙ አታየውም። በመስኮቱ በኩል ጓሯችን ያለውን እንሰት እያየች፣ አሥሩም ጣቶቿ እየሮጡ፣ አንድ ገጽ ትሞላለች። ከዚያ ዞር ብላ ታነበዋለች፤ ስህተት አይገኝበትም። የሰበካው ማስታወቂያ፣ የዕድሩ ደብዳቤ፣ ከአንጋጫ የሚመጡ ዘመዶች ማመልከቻ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፍ ነበር። ሰው ሲያመሰግናት «ምን አደረግኩ፣ እጄ ነው የሠራው» ትላለች።

እኔ እዚያው ከተማ ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር በምማርበት ጊዜ ነው ነገሩ የመጣው። በመሥሪያ ቤቷ አዲስ መዋቅር ወረደ። የድሮው ኃላፊ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ፤ ሁሉም ሠራተኛ እንደ አዲስ እየተፈተነ ይመደብ ተባለ። ምደባ ያላገኘውን «ተንሳፋፊ» ይሉት ነበር፤ ቃሉን ስሰማ ጎርፍ ላይ ያለ ቅጠል ይታየኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ አማ እንደ ተራ ወሬ አድርጋ ነገረችን። ታይፒስቶች በሦስት ሳምንት ውስጥ ይፈተናሉ፣ ፈተናው ቢሮው አሁን ባስገባቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ነው፣ እነሱ ላይ ያለው ዊንዶውስ ደግሞ እኛ ቤት ካለው የተለየ ነው። አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈ ሰው ምን ይፈተናል ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እኔ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ክፍላችን ውስጥ ፎርማት ማድረግ የሚችል ሰው እንደ ሐኪም ነበር የሚታየው። አዲሱ ዊንዶውስ፣ ሰባት የሚባለው፣ በሲዲ ተገልብጦ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አማን ላስደስታት አሰብኩ። እሑድ ጠዋት እነሱ ቅዳሴ ሲሄዱ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። የጻፈቻቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ፤ ጥንቃቄዬ ራሴን አኮራኝ። ከዚያ የድሮውን አጥፍቼ አዲሱን መጫን ጀመርኩ። መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ላይ ጭጋግ ነበር፣ የማሽኑ ማራገቢያ ያንኮራፋል፣ ቀስ በቀስ የሞቀ አቧራ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። መብራቱ አልሄደም። የሄደ ቢሆን ኖሮ ብዬ ዛሬም አንዳንዴ አስባለሁ።

ሲመለሱ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጎትቼ አስቀመጥኳት። ስክሪኑ ላይ ያ ሰማያዊ ብርሃን ነበር፣ ሥዕሎቹ ትልልቅና አንጸባራቂ። «መልኩስ አምሯል» አለች። ደስ አለኝ። መጻፊያውን ከፈትኩላትና እጇን ዘረጋች። እንደ ልማዷ ዓይኗን ወደ እንሰቱ አድርጋ፣ እጇን ለማፍታታት ሁልጊዜ የምትጽፈውን «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን ጻፈች። ጣቶቿ እንደ ወትሮው ሮጡ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን የእንግሊዝኛና የአማርኛ ፊደል የተደባለቀበት፣ ትርጉም የሌለው ነገር ነበር።

ዞር ብላ አየችው። ደግማ ጻፈች። ያው ነው።

የድሮው የአማርኛ ፕሮግራም አዲሱ ላይ አይሠራም ነበር። እኔ በምትኩ የጫንኩት ተማሪዎች ሁሉ የምንጠቀምበትን ነው፤ እሱ ደግሞ ፊደሉን በእንግሊዝኛ ድምፅ ነው የሚያወጣው። «ለ»ን ለማግኘት መጀመሪያ ኤልን፣ ቀጥሎ ኢን መምታት ነው። ለእኔ ቀላል ነበር፣ ሌላ አላውቅማ። ፍላሹ ላይ ያስቀመጥኳቸውን ፋይሎቿን ስከፍት እነሱም ተበታትነው ወጡ፤ የዓመታት ጽሑፏ ቦታውን የለቀቀ የላቲን ፊደል ሆኖ። ተረጋግቼ አስረዳኋት። ቢሮ ያለውም እንደዚሁ ነው፣ ስለዚህ እዚሁ ብትለማመጂ ይሻላል አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«የድሮውን መመለስ አይቻልም?» አለች።

«አይቻልም» አልኳት።

ይቻል ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ጠዋቱን ሙሉ የለፋሁበትን ማፍረስ አልፈለግኩም፤ ደግሞም ለእሷ የሚጠቅማት ይኸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ እንቀመጥ ነበር። ፊቷን ታጥባ፣ ታናሾቼን ለትምህርት ቤት አልብሳ፣ ትመጣለች። ጠረጴዛው አጠገብ ስትቀመጥ ገና ቀኑ ሳይጀመር ደክሟት ይታየኝ ነበር። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርዳለች፤ ያን ጊዜ ነው ኪቦርዱን ስታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት። በአንድ ጣት፣ እንደ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም፣ ፊደል ትፈልጋለች። ጣቶቿ ወደ ድሮ ቦታቸው ይሸሻሉ፤ ትመልሳቸዋለች፤ ደግሞ ይሸሻሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልነበረኝም። ኮሌጅ እንዳይረፍድብኝ ሰዓቴን አይ ነበር። ይህን ታውቅ ነበር።

አንድ ቀን «ሆሳዕና» የሚለውን ለመጻፍ ብዙ ቆየች። «ሆሳእና» ብሎ ወጣላት። አጠፋችው። «ዕ»ን ለማግኘት ሌላ ቁልፍ አብሮ መጫን እንደሚያስፈልግ ነግሬያት ነበር፣ ግን አልያዘላትም። አሁንም «ሆሳእና» ሆነ፤ አጠፋችው። በቃ እለፊው፣ ማንም ልብ አይለውም አልኳት።

«እኔ ልብ እለዋለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከቁልፎቹ ሳታነሳ።

ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። «አማ፣ ይህን እኮ የአሥር ዓመት ልጅ በሁለት ቀን ይለምደዋል።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ተነሥታ በዳንቴሉ ስክሪኑን ሸፈነችው፣ እንግዳ ሲመጣ እንደምታደርገው አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት አልተቀመጠችም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ለራሴ ቢሮ እየተለማመደች ነው አልኩ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የቤት ቁልፍ ልቀበላት ቢሮዋ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አዲሱ ማሽን ፊት ጎንበስ ብላ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ለራሷ እየጠራች ነበር። አጠገቧ አንድ ወጣት ሠራተኛ ቆሞ ረቂቁ እስኪጻፍለት ይጠብቃል። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ጭራሽ እንዳያስጨንቃት ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ የሚያነብ መስሎ ነበር። አለመቸኮሉ ነው ልቤን የሰበረው። በፊት እኮ እሷን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ረቂቁን ሰጥቶ ሳይቀመጥ ነበር የሚቀበላት። ቁልፉን ሳልጠይቅ ተመለስኩ። በጎረቤት አጥር ተሻግሬ በጓሮው መስኮት ገባሁ፣ ዳንቴሉን አነሣሁ፣ አዲሱን ዊንዶውስ አጥፍቼ የድሮውን ጫንኩ። የድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ሲዲ መሳቢያ ውስጥ፣ ጋዜጣ ተጠቅልሎበት ነበር። እሷ ነበረች ያስቀመጠችው።

ስትመጣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነበር፤ ጸሐይዋ ዝቅ ብላ በእንሰቱ ቅጠሎች መካከል አረንጓዴ ሆና ሳሎን ትገባለች። ስክሪኑን አየችው። ያ የድሮው የኮረብታና የሰማይ ሥዕል ተመልሶ ነበር። ቦርሳዋን አላስቀመጠችም።

«ለካ ይቻል ነበር?» አለች።

መልስ አልጠበቀችም። ተቀመጠችና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዓይኗን ወደ ጓሮው አድርጋ መጻፍ ጀመረች። ያን ድምፅ ሦስት ሳምንት አልሰማሁትም ነበር። አይንተባተብም፣ አይቆምም፤ መስመሩ ሲያልቅ ብቻ ቁልፉን ትንሽ ረገጥ ታደርገዋለች። ታናሾቼ ከውጭ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላዋ ወንበሩን ይዤ ቆሜ አነበብኩ። ጉዳዩ፦ የሥራ ዝውውር ስለመጠየቅ ይላል። ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት በታይፒስትነት ስታገለግል እንደቆየች፣ አሁን ዓይኗ ስለደከመ ፈተናውን ትታ ወደ መዝገብ ቤት እንድትዛወር በትሕትና እንደምትጠይቅ። ዓይኗ አልደከመም ነበር። አንድ ገጽ ሞላ። ዞር ብላ አነበበችው፤ ስህተት አልነበረበትም። ሆሳዕና በዓይኑ ዕ ተጽፏል።

አማ፣ ተፈተኚ፣ እኔ በደንብ አስተምርሻለሁ፣ አሁን አልቸኩልም አልኳት። እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ።

ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «የኔ ልጅ፣ ደክሞኛል» አለች። «ይህን ፍላሽ ላይ አድርጊልኝ፣ የድሮው ፕሮግራም ያለበት ቦታ አሳትመዋለሁ። ያንቺን መልሺው። ለትምህርትሽ ያስፈልግሻል።»

በማግስቱ መለስኩት። ዝውውሩም ተፈቀደላት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መዝገብ ቤት፣ ፋይሎች መካከል ሠራች፤ የእጅ ጽሑፏ ያማረ ስለነበር የፋይሎቹ ጀርባ ላይ ያለው ስም ሁሉ የእሷ ነው። ቤት ያለውን ኮምፒውተር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልነካችውም። የዕድሩን ደብዳቤም እኔ መጻፍ ጀመርኩ፤ እሷ ታነባለች፣ ስህተቱን በእርሳስ ትከብብልኛለች። እኔም ተመርቄ ወጣሁ፣ ሥራ ይዤ ዱራሜ መጣሁ፣ ይኸው እንደምታይኝ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃት ሄጄ ቅዳሴ አብረን ገባን። ካህኑ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ ስብከታቸው ረጅም ነው። ግማሽ ላይ ደርሰው ዝቅ ብዬ ሳይ የአማ ጣቶች ጉልበቷ ላይ፣ ነጠላዋ ሥር፣ ይንቀሳቀሳሉ። መጀመሪያ መቁጠሪያዋን የምትቆጥር መሰለኝ። አልነበረም። የሚሉትን ሁሉ እየተከተለች ትጽፍ ነበር፤ ትንፋሽ ሊወስዱ ሲያቆሙ ጣቶቿም ይቆማሉ፣ ሲቀጥሉ ይቀጥላሉ። ፊቷን አየሁት። ወደ ጎን መስኮቱ ነበር የምታየው፣ የምታደርገውን የምታውቅም አይመስለኝም።

የትኛው ጣት የትኛውን ፊደል እንደሚመታ ልከተል ሞከርኩ። አልቻልኩም፤ የእሷን አቀማመጥ አንድም ቀን አስተምሪኝ ብዬ አላውቅም። እንዳየኋት አውቃ እንዳታቆም ፊቴን ወደ መሠዊያው መለስኩና፣ ስብከቱ ባያልቅ እየተመኘሁ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።