ጥላውን የማያምነው አጎቴ

አጎቴን የሥራ ባልደረቦቹ «ጠርጥሬ» ይሉት ነበር። ጎረቤት ደግሞ «ጥላውን የማያምን» ይለዋል። እናቴ ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ አለሳልሳ «ጥንቁቅ ነው» ትላለች። እሱ ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ያልፋል። አንድ ሰው «እንዴት አደርክ?» ካለው፣ ሰውየው ራቅ እስኪል ጠብቆ «ዛሬ ደግሞ ምን አስቦ ነው?» ይለኛል። ሚስቱ አሥር ዓመት ቻለችው። በመጨረሻ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ «ማን ጠርቷት ይሆን?» ነበር ያለው። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራል።

እጁ ግን እጅ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱ የሰፋው ኮሌታ አንገት ላይ አብሮ የተወለደ ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ መስኮት ሥር፣ አንድ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ ጨርቅ ቆራጩ አለ፤ ሆዱ ከጠረጴዛው ቀድሞ የሚደርስ ቀልደኛ ሰውዬ። አጎቴ አንድ ቀን እንኳ በቀልዱ ስቆ አያውቅም። «ሰው የሚያስቅህ ኪስህን እስኪያይ ነው» ይላል።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። መጀመሪያ መርፌዎቹን ወቀሰ፤ «እንደ ድሮዎቹ አይደሉም፣ ቀዳዳቸው ጠቧል» አለ። እናቴ በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው። ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ ካላደረጉ ብርሃንዎ ይጠፋል» አለው። ስንመለስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አቸኳኮሉን አየሽው? ሊለማመድብኝ እኮ ነው» አለኝ። ብልቃጡ ሳይከፈት መስኮት ላይ አቧራ ጠጣ።

አንድ ቀን ከምሳ ቀደም ብሎ ቢመለስ፣ ቆራጩ የእሱ መኪና ላይ ተቀምጦ አጎቴ ጠዋት የሰፋውን እጅጌ እየተረተረ ነው። ሳምንት ሙሉ ተደብቆ ተከታተለው፤ በየምሳ ሰዓቱ ያው ነው። በስምንተኛው ቀን ለስፌት ቤቱ ባለቤት ተናገረ፦

«ሥራዬን እያበላሸብኝ ነው። ቦታዬን ለዘመዱ ፈልጎ ነው።»

ሴትዮዋ ቆራጩን ጠራችው። «የሰው መኪና ላይ ምን ታደርጋለህ?»

ቆራጩ አጎቴን አየው፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ጥፋቴ ነው» ብቻ አለ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በዚያው ዕለት ተሰናበተ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ኮቶች ተመልሰው መጡ። አንዱ እጅጌ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። አጎቴ «የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ተቆጣ። ሴትዮዋ አልተከራከረችውም። እጁን ይዛ ጣቱን በስፌቱ ላይ አስኬደችው። ዓይኑ ያላየውን ጣቱ አገኘው፤ መስመሩ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። እሷም «ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያቃናልህ የነበረው እሱ ነው» አለችው።

ያን ቀን በእግሩ ቤት ገባ፤ ወደ ሥራም አልተመለሰም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

ከወር በኋላ ቆራጩ እኛ ቤት መጣ። እሱም ገና ሥራ አላገኘም፣ ሆዱም ጎድሏል። «ወንድሜን ልጠይቀው ብዬ ነው» አለኝ። ሳሎን አስቀምጬው ወደ አጎቴ ክፍል ገባሁ።

«ቆራጩ መጥቷል።»

«ምን ፈልጎ?»

«ሊጠይቅህ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አውቃለሁ» አለ። «ምንም አይፈልግም። አእምሮዬ ያውቀዋል፤ ልቤ ነው እምቢ ያለኝ። ደግሞስ ሰው እንዲሁ በከንቱ ደግ የሚሆን ከሆነ፣ እኔ ያን ሁሉ ዘመን ምን ሆኜ ነው የኖርኩት? ተኝቷል በይው።»

ግድግዳችን ስስ ነው። ስወጣ ቆራጩ የሰጠሁትን ውሃ ጨርሶ ቆሟል። «ሲነቃ ሰላም በይልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለቴ መጣ፤ ሁለቴም «ተኝቷል» አልኩት። ሦስተኛ አልመጣም።

አሁን አጎቴ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው የለም። ፀሐይ እንዲሞቅ ጠዋት ጠዋት እጁን ይዤ ደረጃውን አወርደዋለሁ። «አለቀ አጎቴ፣ ሜዳ ነው፣ ርገጥ» እለዋለሁ። አይረግጥም። እጄን ጨብጦ፣ አንድ እግሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ይቆማል።