የእናቴ አፍንጫ

ባሌ ድንጋይ ጠራቢ ነው። እናቴ ግን ከተጋባን ጀምሮ "ደብዳቢው" ነው የምትለው። "ደብዳቢው በላ?" "ደብዳቢው ገባ?" አብራን እየኖረች አንድ ቀን እንኳን "ልጄ" ብላው አታውቅም። እሱ ደግሞ ይህችን ቃል እንደናፈቀ አለ።

"ፊታቸውን ብቀርጽላቸው 'ልጄ' ይሉኝ ይሆን?" አለኝ አንድ ቀን። ሞኝ!

እናቴም ቶሎ እሺ አለች። "ካልመሰልኩ ግን ወዮልህ!"

ድንጋዩን ጓሮ አቆመና ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ያያል፣ ይዞረዋል፣ በመዶሻው ጫፍ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይለጥፋል። ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ ይታፈናል፤ ጤነኛው እንደ ብርጭቆ ይጮኻል። እናቴ ወንበሯ ላይ ተገትራ፣ "ኧረ አንኳኳ! ማን እንደሚከፍትልህ እንጃ!" ትለዋለች።

በመጨረሻ መሮውን አነሳ። ግንባሯ ወጣ፣ ጉንጯ ወጣ፣ አፍንጫዋም ወጣ፤ ቁርጥ እሷን! ግን ዝም ማለት የት ታውቅና። "አፍንጫዬን አታግዝፈው፤ የራስህን አይደለም የምትሠራው!" ስትለው ሳቁ አመለጠው፤ መሮውም አብሮ አመለጠው። የድንጋዩ አፍንጫ እግሩ ሥር ዱብ አለ።

"በሙጫ ለጥፈው" አልኩት በሹክሹክታ። የሰደብኩት ያህል አፈጠጠብኝ።

"ድንጋይ ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም" አለ።

አዲስ አፍንጫ እንዲወጣ ጉንጩም፣ ከንፈሩም፣ ግንባሩም ወደ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ያቺ ፊተ ሙሉዋ እናቴ ከስታ፣ ጉንጯ ጎድጉዶ፣ ዓይኗ ገብቶ፣ የማላውቃት ሴትዮ ሆና አረፈችው። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎን አልመሰለም" አላት አንገቱን ደፍቶ።

እናቴ መነጽሯን አደረገች። ጆሮዬን ልደፍን ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን እጇን ሰደደችና የድንጋዩን ጉንጭ ደባበሰችው።

"እማዬ" አለች።

አያቴ የሞተችው እናቴ ገና ልጅ ሳለች ነው፤ አንዲት ፎቶ እንኳን አልተረፈላትም። ያቺ ምላሰኛ እናቴ ድንጋዩን አቅፋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። እኔም አላስቻለኝም፣ አብሬ አለቀስኩ።

ሲወጣላት አፍንጫዋን ጠረገችና ወንበሯን ወደ ብርሃኑ ጎተተች።

"በል ልጄ፣ አሁን ደግሞ የእኔን ጀምር። መሳቅ የለም!"

ባሌ መዶሻውን በእጁ እንደያዘ ጓሮውን ሁሉ መዶሻ ሲፈልግ ዋለ።