የጋሽ እንድሪስን ጣሪያ ማን ይረግጣል?

አምና ሐምሌ ላይ ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ሄጄ፣ ገና ሰላምታ ሳልሰጥ ግንባሬን ከበሩ ጉበን ጋር አላተምኩት።

«ቢስሚላህ! ዝቅ በል እንጂ አንተ ልጅ፣ ይኼ ቤት ረጅም ሰው አይወድም!» አሉኝ የልጅቱ አባት ጋሽ እንድሪስ። ጋቢ ደርቦ ለሽምግልና ሄዶ «አንተ ልጅ» መባል... እንግዲህ አጀማመሬ ይኼ ነው።

ሰይድ የሚባል ባጃጅ ነጂ ጓደኛ አለኝ። ከሮቢት ከተማ በላይ፣ ከተራራው ሥር ካለች መንደር ዘሃራ የምትባል ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ሲያሰባስብ አንዱ ታመመበትና እኔን ጎደሎ ማሟያ አደረገኝ። እኔ ቆቦ ከተማ ቆርቆሮና ሚስማር ነው የምሸጠው፤ ሽምግልና የማውቀው ዋጋ ቀንስ ከሚለኝ ደንበኛ ጋር ብቻ ነው። ዋናው ተናጋሪ የሰይድ አጎት ጋሽ አሊ ነበሩ፣ ሌላም አንድ ዝምተኛ አዛውንት አብረውን አሉ።

ሰይድ በባጃጁ አደረሰንና «በል ወደ ሮቢት ተመለስ» ተባለ። ደንቡ ነው፤ በጥያቄው ቀን አግቢው እዚያ አካባቢ ዝር አይልም። ዘሃራም አክስቷ ቤት ሄዳለች።

ቤቱ የድሮ ህድሞ ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ የሚወፍር ድንጋይ፣ ጣሪያው ደግሞ ጠፍጣፋ... በወይራ ግንድ ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ ከላይ አፈር ተደልድሎበታል። ድንጋዩን የጋሽ እንድሪስ አባት ከመንደሩ ሰው ጋር በደቦ ከተራራው አውርደው፣ በጭቃ ብቻ እያያያዙ ነው የገነቡት። ሲሚንቶ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ውጭ ሙቀቱ ያፍናል፣ ውስጡ ግን ወላሂ ጋቢው አልበዛብኝም።

«መልሳችንን ሳንሰማ አንቀመጥም» ብለን ቆምን። ጋሽ አሊ አሳምረው ጠየቁ።

ጋሽ እንድሪስም «ሰይድን በምንም አልጠላውም። ልጄም ጊዜዋ ነው። ግን እናንተ ሰዎች... ይኼ ጣሪያ ረጋጭ ይፈልጋል» አሉ።

የአፈር ጣሪያ ዝናብ ሲጀምር ሰው ወጥቶ፣ አፈር ጨምሮ ካልረገጠው ያፈሳል። ውሎ ሲያድር እንጨቱ ይበሰብስና ቤቱ ይወርዳል። ጋሽ እንድሪስ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ የምትረግጠው ዘሃራ ናት። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ሌሎቹ ልጆች አረብ አገር ናቸው። እሷ ካገባች እኚህ ሰውዬ ከነድንጋያቸው ብቻቸውን መቅረታቸው ነው።

እኔ ግን ደስ አለኝ። የሽምግልናው ችግር መፍትሔ እኔ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ የለም እንዴ!

«አብሽሩ ጋሽ እንድሪስ፣ ቆርቆሮ እናለብሰዋለን!»

«አይሆንም። በሙቀት ልትቀቅለኝ ነው?»

«ኮርኒስ እንሠራበታለን...»

«አይሆንም አልኩህ!»

ጋሽ አሊ ጋቢዬን ጎተት አደረጉት። አፌን ዘጋሁ።

በዚህ መሀል ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። የመጀመሪያዋ ጠብታ ማጅራቴ ላይ አረፈች። ሁለተኛዋ የጋሽ አሊን ጥምጣም አገኘች። ሽማግሌ ነንና ንቅንቅ አላልንም፣ ቆመን መበስበስ ሆነ።

ጋሽ እንድሪስ ጣሪያውን አዩና ዱላቸውን አንስተው ለመነሳት ታገሉ።

«የት ሊሄዱ ነው?» አሉ ጋሽ አሊ።

«ልርገጠው እንጂ።»

«ኧረ በአላህ! በዚህ ጉልበት መሰላል?»

«እና የአባቴ ቤት ሲፈርስ ቁጭ ብዬ ልየው?»

ያኔ ነው ከላያችን ዱብ... ዱብ... ዱብ የሚል እርምጃ የተሰማው። ጋሽ አሊና እኔ ተያየን። ለካ ያ ጉደኛ ሰይድ ሮቢት አልተመለሰም፣ ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ሆኖ ሲጠብቅ ነበር!

«ዘሃራ መጣች መሰለኝ» አልኩ፣ ነገሩን ለመሸፈን።

ጋሽ እንድሪስ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዳመጡ።

«ዘሃራ አይደለችም። ይኼን እግር አውቀዋለሁ። ባለፈው ክረምት ታምሜ እዚህ ተኝቼ ሁለት ሰው ሲረግጥ እሰማ ነበር። ስጠይቃት ብቻዬን ነኝ አለችኝ። እኔም ያመንኩ መሰልኩ... ብቆጣ ረጋጩ ሊቀርብኝ አይደል!»

ጋሽ አሊ የሚገቡበት አጡ። ጋሽ እንድሪስ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ወደ ላይ ተጣሩ።

«አንተ ከላይ ያለኸው! ከምድጃው በላይ ያለውን ጥግ ርገጠው፣ እዚያ ነው የሚያፈሰው!»

እርምጃው ቀጥ አለ። ቆይቶ ከላይ «እሺ ጋሼ...» የሚል የሰለለ ድምፅ መጣ። ሳቄን በጋቢ አፈንኩት። ትንሽ ቆይቶ ጠብታውም ቆመ።

«በሉ ተቀመጡ» አሉን። ሽማግሌ ተቀመጡ ከተባለ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ!

ሰይድ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባና የጋሽ እንድሪስ እግር ላይ ወደቀ።

«ዝናብ ሲመጣ ይዘሃት ትመጣለህ?» አሉት።

«ወላሂ እመጣለሁ ጋሼ።»

እኔ ደግሞ ደስታው አቅሌን አሳተኝና «ጋሽ እንድሪስ፣ እነሱም በየዝናቡ አይንገላቱ፣ ለሠርጉ ስጦታ ቆርቆሮውን እኔው አመጣለሁ!» አልኩ።

ተቆጡኝ ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ቀስ ብለው አዩኝ።

«አንተ ልጅ... ጣሪያው ካላፈሰ ማን ይመጣልኛል?»

እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

ይኸው ዘንድሮም ክረምት ገባ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ተራራው ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር፣ ዛሬ ጋሽ እንድሪስ ልጃቸውን ሊያዩ ነው እላለሁ።