የምሥራቅ የሥራ ልምድ

ይመር ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ውስጥ የከፈታት ጋራዥ ሁለት መኪና ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ቤት ነበረች። ሙያውን ኮምቦልቻ ከአንድ ሽማግሌ ጣልያን ተምሯል። ካርቱም ላይ ሰባት ዓመት የጭነት መኪና ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ቶሮንቶ ከገባ በኋላ የመካኒክነት ፈቃዱን ያወጣው በሦስተኛው ፈተና ነው። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ታክሲ የሚነዱ ያገር ልጆች ናቸው፤ አገር ቤት መምህር የነበረ፣ መኮንን የነበረ፣ አንዱማ ዳኛ የነበረ። እነዚህ ሰዎች "ጋሽ ይመር" ይሉታል፣ አንቱ ይሉታል፣ ሲገባ ይነሱለታል። አውቶቡስ ላይ ማንም ዞር ብሎ በማያየው ከተማ ውስጥ ይህ አክብሮት ለይመር ከእንጀራው እኩል ነበር። በምሥራቅ ላይ ያደረገውን ለመረዳት የፈለገ ሰው መነሳት ያለበት ከዚህ ነው።

ምሥራቅ የመጣችው በፈረንጆቹ 1993፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ማራገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ። ይመር የጽዳት ሥራ ፈላጊ መስላው፣

"እህቴ፣ እዚህ ቤት የሚጸዳ ነገር እንኳ የለም፤ ሁሉም ዘይት ነው" አላት።

"መካኒክ ነኝ" አለች።

ይመር ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሳቁ ከሐሳቡ ቀድሞ ወጣ። እሷ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት እንደሠራች፣ መንግሥት ቼኮዝሎቫኪያ ልኮ ሁለት ዓመት እንዳስተማራት፣ ወረቀቶቿ ደግሞ በሱዳን ድንበር ስትሻገር እንደጠፉ ነገረችው። ይመር ሊያሰናብታት ብሎ ሁለት ቀን ያማረረውን መኪና አሳያት። በክረምት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የማርሚታውን ቡሎን በልቶ ከብረቱ ጋር አጣብቆታል፤ በቁልፍም በመዶሻም እምቢ ብሏል።

ምሥራቅ ካፖርቷን አወለቀች። ቡሎኑን በእሳት አጋለችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ከቤተ ክርስቲያን የተረፈ ቁራጭ ጧፍ አወጣችና የጋለው ብረት ላይ አስጠጋችው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ሰረገ። ትንሽ ጠብቃ በቁልፍ ስታዞረው ቡሎኑ ሳይሰበር እሺ ብሎ ወጣ።

"ይኼን ማን አስተማረሽ?"

"አንድ የቼክ ሽማግሌ። እሱ በሻማ ነበር የሚያደርገው።"

"በጧፍ ኃጢአት አይሆንብሽም?"

"የለፍቶ አዳሪ መኪና መሆኑን እግዜር ያያል፣ ጋሼ።"

በማግሥቱ ሥራ ጀመረች።

ነገሩ የተበላሸው በሦስተኛው ቀን ነው። ፀጋዬ፣ አገር ቤት እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ቀልደኛ ታክሲ ነጂ፣ ከጓደኛው ከተክሉ ጋር ሲገባ ምሥራቅን በቱታ አያት።

"ጋሽ ይመር፣ ሳይጠሩን ደገሱ እንዴ? ሙሽራይቱ ቱታ ለብሳለች!"

"ሠራተኛዬ ናት።"

"የምን ሠራተኛ?" አለ ተክሉ፤ የመኪናውን ቁልፍ ወደ ኪሱ መለሰ። "ኧረ በፈጠረዎት! ወጥ ላይ ጨው የምትረሳ ሴት ፍሬን ላይ ምን እንደምትረሳ ይታወቃል? እኔ እኮ የአራት ልጆች አባት ነኝ።"

"ሚስትህ ጨው የምትረሳው አንተ ቶሎ እንድትነሳላት ነው" አለ ፀጋዬ።

ሁለቱ ተሳሳቁ። ይመርም አብሯቸው ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አይዟችሁ፤ ስልክ የምታነሳልኝ ናት" አላቸው።

ተክሉ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ምሥራቅ ሰምታለች። ቀና ብላም አላየች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ ውስጥ ያልተጻፈ ደንብ ወጣ። የመኪና ድምፅ ከውጭ ሲሰማ ምሥራቅ ከመኪናው ሥር ወጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ትገባለች፤ ይመር እጁን የተቃጠለ ዘይት ያስነካና እየጠራረገ ደንበኛውን ይቀበላል። ደንበኛው ሲሄድ እሷ ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ይመር ያፍር ነበር። ሰው ግን አያፍርበት ነገር የለም፤ ሲደጋግመው ደግሞ አይለምደው ነገር የለም። ውሎ አድሮ ዘይቱን እጁ ላይ ሲያደርግ እንደ ሥራው አንድ ክፍል ያየው ጀመር።

ምሥራቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"እኔ ምስጋናውን አልፈልግም ጋሼ። ፈቃድ ለማውጣት ግን ወረቀቴ ስለጠፋ፣ ፈቃድ ያለው መካኒክ ዘንድ የሠራሁትን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ ብለውኛል። ደብዳቤው ካለ ለፈተና እቀመጣለሁ። እሱን ይጻፉልኛል?"

"እሱን ለእኔ ተይው" አላት።

በደብዳቤዋ ተስፋ ሁለት ዓመት ተኩል ሠራች። የሞተር ቺንጋ ለወጠች፣ ፍሪሲዮን አወረደች፣ ኤሌክትሪክ ፈተሸች። የይመር ስም በአበሻ ታክሲ ነጂ ዘንድ ገነነ። አንድ እሑድ ብሉር መንገድ ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ውስጥ ፀጋዬ ብርጭቆውን አንስቶ፣ "የጋሽ ይመር እጅ ባይኖር ኖሮ ይኼኔ በእግራችን ነበር የምንሄደው!" ብሎ ሲያወድሰው፣ ምሥራቅ ከልጇ ከኤደን ጋር ሁለት ጠረጴዛ አልፋ ተቀምጣ ነበር። ይመር አያት። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ መጥቶ ነበር፤ እሱ ግን ብርጭቆውን አነሳ።

በ1996 የካቲት ምሥራቅ የማመልከቻ ቅጹን ይዛ መጣች። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ጊዜ ሰጥቷታል።

እዚህ ላይ ይመርን የገጠመው ችግር ሰው ቢሰማው የሚስቅበት ነው። እንግሊዝኛ ይናገራል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍም። የአበሻውን ደብዳቤ ሁሉ በታይፕ የሚጽፈው ፀጋዬ ነው፤ የኢሚግሬሽኑን፣ የቤት አከራዩን፣ የፍርድ ቤቱን። ይመር ፀጋዬ ቤት ሄዶ ተቀመጠ። ማኅተሙን ሳይቀር ይዟል፤ ካናዳ ውስጥ ማንም የማይጠይቀውን ክብ ማኅተም አስቀርጾ ነበር፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ለእሱ ደብዳቤ አይመስለውም።

ፀጋዬ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ አሳርፎ፣ "እሺ ጋሽ ይመር፣ ምን ሠራች ልበል?" አለው።

ይመር ማኅተሙን በመዳፉ ላይ አገላበጠ። "ሞተርህን የፈታችው እሷ ናት፤ ባለፈው ዓመት ያመሰገንከኝ በእሷ ሥራ ነው" ማለት ነበረበት። ይህን ማለት ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ የዋሸ ሰው መሆኑን ለዚሁ ሰው በገዛ አፉ ተናግሮ ማስጻፍ ነው። ፀጋዬ ይጠብቃል። ታይፑ ይጠብቃል።

"ቢሮ ውስጥ ረድታኛለች በል" አለ ይመር። "ስልክ ትመልሳለች፣ ዕቃ ታቀብላለች። ታማኝ ናት። ታማኝ የሚለውን አጥብቀህ ጻፈው።"

ፀጋዬ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ጻፈ። ይመር ፈረመ፤ ማኅተሙንም መታበት።

ምሥራቅ ደብዳቤውን ጋራዡ ውስጥ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ፍሬኑን ጀምራው ወደነበረው መኪና ተመለሰችና ጨረሰችው። ጎማውን መልሳ ገጠመች፤ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። እጇን ታጥባ ቱታዋን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች።

"ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ይመር።"

"ነገ ቀደም ብለሽ ነይ፤ ሥራ አለ" አላት፤ እንደማትመጣ እያወቀ።

እስከ መጋቢት መጨረሻ አምስት ሳምንት ነበረው። ስልኳን ያውቃል። በየሳምንቱ መጀመሪያ "ዛሬ እደውላለሁ" ይላል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ለራሱ አዲስ ምክንያት ይሰጣል። ወሩ አለፈ። አንዳንድ ክፉ ሥራ የሚሠራው በእጅ ሳይሆን ቁጭ በማለት ነው፤ ይመር ይህን በዚያ ወር ተማረ፤ ትምህርቱ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ጋራዡ ተዳከመ። ጉልበቱ ከመኪና ሥር መግባት እምቢ ይለዋል፤ ዓይኑም ደክሟል። መስከረም ላይ ፀጋዬ መኪናውን ለሦስተኛ ጊዜ ይዞ ሲመለስ ይመር ቁልፉን አስቀመጠ።

"ተቀመጥ ፀጋዬ። የምነግርህ አለ። መኪናህን የምትሠራው ምሥራቅ ነበረች። የሁላችሁንም። እኔ ዋሽቻችኋለሁ።"

ፀጋዬ አልተቀመጠም። መሬት መሬት አየ።

"እናውቃለን፣ ጋሽ ይመር።"

"ምን?"

"ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሳትደበቅ ስንደርስባት ከመኪናው ሥር እግሯ ይታያል እኮ! የእርስዎ እግር ነው እንዳንል ነገር… ተክሉማ ደውሎ እሷ መኖሯን ሳያረጋግጥ መኪናውን አያመጣም ነበር።"

"ያ የአራት ልጆች አባት?"

"እሱ ራሱ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"እርስዎን ማሳፈር መሰለን። ትልቅ ሰው ነዎት።"

"ደብዳቤውን ስትጽፍስ? ውሸት መሆኑን እያወቅህ?"

"ያሉኝን ጻፍኩ" አለ ፀጋዬ። "ሚስቴ ይኸው እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።"

ይመር ከተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ክብሩ እንዳይነካ ብሎ የሴትዮዋን መንገድ ዘጋ፤ ሰዎቹ ደግሞ ክብሩ እንዳይነካ ብለው አብረውት ዘጉ። ለካ የሚጠበቅ ምሥጢር አልነበረም። ይሉኝታ ብቻ ነበር፤ አንዱ ሌላውን እያከበረ ሦስተኛዋን የሚቀብርበት።

በዚያው ቀን እውነተኛውን ደብዳቤ ጻፉ። ሁለት ገጽ ሞላ። ይመር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኖርዝ ዮርክ ሄዶ ምሥራቅ የምትኖርበት ፎቅ አሥራ ሁለተኛው ላይ አንኳኳ። በአክብሮት ተቀበለችው፤ ወንበር ሳበችለት። አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆናለች፤ የእጇ ቆዳ በሳሙና ነጥቷል።

ደብዳቤውን አነበበች።

"ቀኑ አልፏል ጋሼ። ፋይሉን ዘግተውታል። ከፈለግሽ እንደ ጀማሪ ተመዝግበሽ ዓመታቱን እንደገና ቁጠሪ አሉኝ።"

"እኔ ጋ ተመለሺ። እያንዳንዷን ሰዓት እፈርማለሁ። በሩን ከፍቼ፣ ሰው እያየ ትሠሪያለሽ።"

"ዓመቶቼን አንዴ ሰጥቼዎታለሁ" አለች፤ ቁጣ የለበትም። "የቀሩት የኤደን ናቸው።"

እሷ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መልሳ በጣቷ መስመር በመስመር ተከተለችው።

"የተክሉን ካምቢዮ አልጻፉትም።"

"የቱን?"

"በበረዶው ጊዜ አራት ቀን የፈጀብኝን። የዚያን ቀጭን ልጅ ቫንም አልጻፉት፤ ኤሌክትሪኩን ሙሉ በሙሉ ቀይሬለታለሁ።" እስክሪብቶ አቀበለችው። "ይጻፉት።"

እሷ እየነገረችው ይመር በገጹ ዳር በአማርኛ ጻፈ። ዘጠኝ መኪና ረስቶ ነበር። እሷ አንዱንም አልረሳችም። ሲያበቃ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት።

"ለቢሮው አይጠቅምም። ደንበኞችዎ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ግድግዳ ላይ ይለጥፉልኝ።"

ሰኞ ጠዋት ለጠፈው። ነጂዎቹ ተራ ሲጠብቁ ያነቡታል፤ የገዛ መኪናቸውን እዚያ ላይ ያገኙታል። ይመር ከሞተሩ ቀና እያለ ያያቸዋል። አንዱ ዞር ብሎ ቢጠይቀው የሚመልሰውን ቃል በቃል አዘጋጅቷል። ተክሉ እንኳ ካምቢዮውን አነበበ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስለ ነዳጅ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ከዚያም በኋላ የጠየቀው ሰው የለም።