የእትዬ ፓስወርድ

እህቴን በሥራ ቦታዋ «ማውጫ» ይሏት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ስታገናኝ፣ ከመድኃኒት ክፍል እስከ ጥበቃ ያለውን ቁጥር ሁሉ በቃሏ ታውቅ ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን ስልክ ቁጥር ሲጠይቁኝ ቦርሳዬን የምበረብር ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ «ዝንጉ» ትለኛለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ አብረን ስንኖር፣ ገመድ ያለው ዕቃ ሁሉ በእሷ ሥር ነው። የራውተሩን ፓስወርድ የቀየረችውም እሷ ናት። «ጻፊው እንጂ» ስላት ትስቅብኛለች።

«ጭንቅላት ለምን ተፈጠረና?»

ቅዳሜ ጠዋት ኢንተርኔቱ መንቀራፈፍ ሲያበዛ ጥገና ክፍል ደወልን። ሰውዬው የራውተሩን ሴቲንግ ከፍተን ስንት ስልክ እንደገባበት እንድናይ ነገረን። እትዬ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች፤ መነጽሯን አደረገችና ጻፈች። ተሳስቷል አለ። ደገመች። በሦስተኛው ገጹ ጭራሽ ተዘጋ።

«እጄ ነው የሳተው» አለች።

እጇ ግን ፊደሎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እናታችን በመጨረሻ ጊዜዋ «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» እያለችን ነው ያለፈችው። ያኔ እትዬ አጥባት ስትወጣ በሩን ተደግፋ፣ «እኔንስ እንዲህ ሳያደርገኝ ይውሰደኝ» ብላ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ቁልፍ ብረሳ ይሳቃል፤ እሷ ብትረሳ ግን ሁለታችንም ዝም እንላለን።

ሰውዬው ከራውተሩ ሥር ትንሽ ቀዳዳ እንዳለች ነገረን። በመርፌ አስር ሰከንድ ስንጫናት ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ፓስወርድ እዚያው ተለጥፏል።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች እትዬ። «ይህን ገና ዛሬ መስማቴ ነው።»

መርፌ አምጥቼ ራውተሩን ከመደርደሪያው ላይ አንስቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት አለ። ጽሑፉ የእትዬ ነው።

«ሲጠፋብሽ መርፌውን አስገብተሽ አስር ቁጠሪ። ዝንጉ እንዳታውቅ።»

ከታች ሦስት ቀኖች ተጽፈዋል፤ ሦስቱም ያለፈው ወር ናቸው። ባለፈው ወር ዋይፋዩ ሦስቴ ጠፍቶብኝ፣ እሷ «አሻሻልኩት እኮ» እያለች ስልኬን እንደ አዲስ አስገብታልኛለች። እኔ ሞኟ አመስግኛታለሁ። አሁን ወረቀቱን መጻፏንም ረስታዋለች።

«ምን ያፈዝሻል?»

«አቧራው ነው፣ እትዬ።»

«እሱንም መጥረግ ረስተሽ ነዋ!»

ጀርባዬን ሰጥቻት ተጫንኩ። እስከ አስር የቆጠረችው እሷ ናት፣ ጮክ ብላ። አንድም ቁጥር አልዘለለችም፤ እኔ ግን አሁን ትስታለች፣ አሁን ትስታለች እያልኩ በልቤ አብሬያት ቆጠርኩ። የራውተሩ መብራቶች ጠፍተው እንደገና በሩ፤ ገጹም ተከፍቶ አዲስ ፓስወርድ ጠየቀ። ከኋላዋ ቆሜ ጣቶቿን አንድ በአንድ ተከተልኩ። አሥራ አራት ነው፣ ፊደሉም ቁጥሩም።

«ልጻፈው?» አልኳት።

«ወረቀት ለአንቺ ቢጤ ነው።»

ወረቀቱን እንዳለ ተውኩት። አራት ቀን ሙሉ ቤት ስጠርግ፣ ሽንኩርት ስልጥ፣ እነዚያን አሥራ አራት ነገሮች ስነበንብ ሰነበትኩ። ልንገራት እልና መልሼ እተወዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የጎረቤት ስልክ ገብቶ እንደሆነ ላጣራ ብላ ላፕቶፑን ከፈተች። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። የቁልፎቹ ድምፅ ጀመረ፤ ቆመ፤ እንደገና ጀመረና ቆመ። ዞር ስል እጇ እንደ ቅዳሜው ተንጠልጥሏል።

ከዕቃ ማጠቢያው ሳልነቃነቅ፣ አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ ጠራሁላት። እሷም ጻፈች። ተከፈተ።

አልዞረችም። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በቃልሽ የምትይዢው?» አለችኝ።

«ከቅዳሜ ወዲህ።»

ላፕቶፑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። መነጽሯን አወለቀች፤ በቀሚሷ ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረገችው።

«ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለች።