ኤርሲዶ የሰፋው የራዲዮ ልብስ

በመጀመሪያ በደሉን ልናገር። የአንድ ትልቅ የጃፓን ኩባንያ ራዲዮ በዓለም የዞረው ፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳ የተበሳ፣ ክዳን ያለው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል የቆዳ ልብስ ለብሶ ነው። ያን ልብስ መጀመሪያ የሰፋው ኤርሲዶ የሚባል የሆሳዕና ቆዳ ሠሪ ነው። በኩባንያው አለቃ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን «እኔ አሰብኩት» ተብሎ ተጽፏል፤ የኤርሲዶ ስም የትም የለም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ነገሩ የተነሣው እዚህ ጆሃንስበርግ ብርዱ በጠናበት ወር፣ ካትሌሆንግ በሚባለው ሰፈር ባለው የልጄ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ «ሳውቦና ጎጎ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ባትሪ ሊገዙ መጡ፤ ጎጎ እዚህ አያት ማለት ነው። አሮጌ ራዲዮናቸውን በብረት ፍርግርጉ ሥር አሳልፈው ሰጡኝ። ባትሪውን ልቀይርላቸው ልብሱን ስከፍት የቆዳና የአሮጌ ባትሪ ሽታ አንድ ላይ ወጣ፤ እኔም ከባንኮኒው ኋላ እንደቆምኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

አባቴ በሆሳዕና ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር፤ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቃረመው እንግሊዝኛ ስለነበረው ደግሞ የራዲዮ ወኪልነቱም ለእሱ ተሰጠ። ሚዛኑ የታመነ ነበር፤ በቅሎ ለሚቀመጠውም እንጨት ለምትሸከመውም እኩል ይመዝናል። ፍርድ መውደድን ከእሱ ወረስኩ እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ገበሬዎቹ ራዲዮናቸውን በበቅሎ ጭነው፣ አቧራና ዝናብ አጥግበውት፣ መክፈቻው ከጭነቱ ጋር እየተፋተገ ራሱን ከፍቶ ባትሪውን ሲጨርስ «ሞተብን» እያሉ በገበያ ቀን ያመጡት ነበር፤ አባቴም እንደ ሐኪም ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጠዋል።

ኤርሲዶ ከሱቃችን ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ኮርቻና ልጓም ይሰፋ ነበር። ፋቂ ነው ስለሚባል ወደ ሰው ቤት አይገባም፤ ምግቡም የሚሰጠው በኮባ ቅጠል ነበር፣ ሲጨርስ ቅጠሉ እንዲጣል። እኔ ግን እየተደበቅሁ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እናቴ ስትይዘኝ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታሸኛለች፣ ሽታው ግን እንደኔው እልኸኛ ነበርና አይለቅም። አንድ ቀን «ሞተ» ከተባሉት ራዲዮኖች አንዱን አስይዞኝ ዙሪያውን በጣቱ ለካ፤ ቆዳውን ቆረጠ፤ ድምፁ እንዳይታፈን ፊቱን በወስፌ በሳሳው፤ መክፈቻውን የሚሸፍን፣ የቀንድ ቁልፍ ያለው ክዳንም አበጀለት።

«በቅሎዋ ለብሳ ስትሄድ ይሄ ምን በወጣው ራቁቱን ይሄዳል?» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የኩባንያው ሻጭ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጣ። ጃፓናዊ ነው፤ ገና ወጣት፤ ነጭ ሸሚዙ በመንገዱ አቧራ ቀልቷል። አባቴ እያስተረጎመለት ልብሱን አገላብጦ አየ፤ ለካው፤ በደብተሩ ላይ ሣለው፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ሄዶ ለኤርሲዶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ለኤርሲዶ ማንም እጅ ነሥቶት አያውቅም። ወስፌውን እንደያዘ ብድግ አለ። ሰውየው ልብሱን ይዞ ሄደ፤ በዓመቱ የመጡት ራዲዮኖች ሁሉ ከፋብሪካቸው ለብሰው መጡ። ኤርሲዶም ወደ ኮርቻው ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ለሜሮን ነገርኳት። ሜሮን እዚሁ የተወለደች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሁሉን ነገር ከስልኳ ታወጣለች። የራዲዮኑን ስም ጻፈችና የኩባንያውን ታሪክ፣ ከታሪኩም ውስጥ የዚያን ሻጭ ፎቶ አወጣችልኝ። ከራዲዮ ሻጭነት ወደ ቴፕ፣ ከቴፕ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ወደ ዘፈንና ፊልም፣ ልጆች ዓይናቸው እስኪቀላ ወደሚጫወቱበት ጌም ተሻግሮ የሁሉም የበላይ ሆኗል። አለቆቹ መጀመሪያ ዓይናቸውን የጣሉበት ግን «በኢትዮጵያ ገበያ ቆሜ ባሰብኩት የቆዳ ልብስ» ነው ይላል።

«ጻፊለት» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሌባው።»

«ኖ ጎጎ! ሌባ አይባልም፤ ፖላይት መሆን አለብን።»

«እንግዲያው በፖላይት ሌባ በይው።»

ሳቀችና ቃሉን አወጣችው፤ ቀሪውን እንዳልኳት ጽፋ በኩባንያው አድራሻ ላከችው። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኤርሲዶ ስም ይጻፍ።

መልሱን ስጠብቅ ሁለት ወር አለፈ። ኤርሲዶ ከሞተ ስንት ዘመኑ። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ በቦታው ፎቅ ቆሟል ይላሉ፤ ልጆቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም፤ የቀበሩትም ከሌላው ሰው ለይተው ስለነበር መቃብሩ ዛሬ የማን ማሳ እንደሆነ አይታወቅም። የእጁ ሥራ ካትሌሆንግ ድረስ መጥቷል። ስሙን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ማን እንደቀረ አላውቅም።

መልሱ የመጣው ብርዱ ሲያልፍ ነው። ሰውየው አርጅቷል፤ እሱ እየነገራት የጻፈችው ልጁ ናት። ሜሮን መጀመሪያ ለራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ቀስ እያለች ተረጎመችልኝ።

«ትክክል ነዎት። ‹እኔ አሰብኩት› ማለቴ ስሕተት ነው፤ እንዲያርሙት ጽፌላቸዋለሁ። ቆዳ ሠሪውን አልረሳሁትም። ስሙን በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ። የሚያስተረጉምልኝ ባለሱቅ ግን ‹ፋቂ ነው፤ ስሙ አይጻፍም› አለኝ።»